እንባ ማስረጃ አይደለም

የፊልም ባለሙያው ኃይሌ ገሪማ ስለ ጎንደር ልጅነቱ በአንድ ቃለ መጠይቅ የተናገረው ነገር አለ። እሱና እኩዮቹ የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ጀርባ ተሹለክልከው ሲመጡ፣ ልጆቹ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹ ነበር። የሚጮኹት ለአፍሪካውያኑ አልነበረም፤ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ደግሞ በጎንደር ዙሪያ ተራሮች ላይ ካውቦይና ሕንድ ይጫወታሉ፤ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ ልጅ ግን አልነበረም።

ይህን እንደ ልጅነት ጨዋታ አትለፉት። የልጁ አባት ገሪማ ታፈረ ናቸው። ቴአትር እየጻፉ ለሕዝብ ያሳዩ፣ የጎንደር አርበኞች ከጣሊያን ጋር ያደረጉትን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለ መጽሐፍ ያቆዩልን ሰው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ፣ ስለ አርበኛ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ ልቡ ለነጩ ወገነ። ማንም ዱላ አላነሳበትም፣ ማንም አልሰበከውም። ካሜራው ከታርዛን ጎን ስለቆመ እሱም ከታርዛን ጎን ቆመ። በቃ።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። ካሜራ የሚይዝ፣ ምስል የሚቆርጥና የሚቀጥል፣ ሙዚቃ የሚደርብ ሰው ልባችንን ይመራዋል። ይህን ማወቅ ለፊልም አፍቃሪዎች የሚተው ነገር አይደለም። በዚህች አገር በተቀናበረ ምስል ዙፋን ተሸኝቷል። ዛሬም በተቀናበረ ምስል ሰው በጎረቤቱ ላይ ጥርሱን እየነከሰ ነው። ስላለቀስን ብቻ እውነቱን ያየን ይመስለናል። እንባ ግን ማስረጃ አይደለም።

◾ ልብ ውስጥ የሚገባባቸው በሮች

ዳይሬክተር ወደ ልባችን የሚገባባቸው በሮች ብዙ አይደሉም። አራቱን ላንሳ።

አንደኛው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ሰው ይገዝፋል፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ያንሳል። ፊቱን በቅርብ ያየነው ሰው ዘመዳችን ይሆናል። ከሩቅ ብቻ ያየነው ግን «እነሱ» ይባላል፤ ስም የለውም፣ ሲሞትም አንቆጥረውም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቆረጥ ምስል ልብን ያስሮጣል፣ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ሳይቆረጥ የሚቆይ ምስል ደግሞ መጀመሪያ ያሰለቻል፣ ከዚያ ግን ዓይናችን በራሱ መፈለግ ይጀምራል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። የአንዲት እናት ፊት አለ እንበል። በዋሽንት አጅቡት፣ ሐዘን ይሆናል። በከበሮና በፉከራ አጅቡት፣ በቀል ይሆናል። ያለ ምንም ሙዚቃ አሳዩት፣ ጥያቄ ይሆናል። የእናትየዋ ፊት ግን በሦስቱም ያው ነው።

አራተኛውና ዋናው ቅንብር ነው፤ የትኛው ምስል ከየትኛው ቀጥሎ ይመጣል የሚለው። ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ ዳይሬክተር የአንድን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር አጣመረው። ተመልካቹ ሰውየው መራቡን፣ ማዘኑን፣ መመኘቱን አየሁ ብሎ ትወናውን አደነቀ ይባላል። ፊቱ አንድ ነበር። ርሃቡንም ሐዘኑንም ከየቤቱ ያመጣው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ቅንብር እንዲህ ነው። ሁለት እውነተኛ ምስሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ሦስተኛውን ነገር እኛው እንድንጨርሰው ይተወዋል። ራሳችን የጨረስነውን ነገር ደግሞ አንጠራጠረውም፤ የራሳችን ሐሳብ ይመስለናላ!

◾ የ1967ቱ የዘመን መለወጫ

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ምሳሌ ከማንም ይበልጣል።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በ1966 ዓ.ም መጀመሪያ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ዓለም ደነገጠ። ያ ፊልም ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ በደርግ እጅ ገባና ሌላ ሥራ ተሠራበት። በሚያልቀው ሕዝብ ምስል መሃል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ የሠርጉን ኬክ፣ ለንጉሡ ውሾች የሚሰጠውን ሥጋ እያስገቡ ቀጣጠሉት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫው ማታ፣ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ልብ በሉ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። መንግሥት ረሃቡን መደበቁም እውነት ነበር። አንድም የሐሰት ምስል ማስገባት አላስፈለገም። የአጥንትና የኬክ ምስል ሲጣመሩ ተመልካቹ የተናደደው በትክክለኛ ነገር ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ቅንብሩ ባስቀረው ጥያቄ ላይ ነው። ያ ፊልም «እነዚህ ይውረዱ» የሚል ስሜት ሞላና «እነማን ይተኩ? በምን ሕግ? ማንስ ይቆጣጠራቸዋል?» የሚለውን ጥያቄ ከፍሬሙ ውጭ አስቀረው። የተቆጣ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሁለት ወር ከምናምን በኋላ ስልሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎንደር ለማንም መንገር አያስፈልጋትም፤ በቀይ ሽብር ልጁን ያልተቀማ ሰፈር ማግኘት ይከብድ ነበር።

ደግሞ ይህን ጨምሩበት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977፣ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ሰሜኑ ዳግም በረሃብ ያልቅ ነበር። ያን ጊዜ ድግሱን ከረሃቡ ጋር አጣምሮ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ አልነበረም። በጥቅምት መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ ካሜራማንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የወሰዱት ምስል ነው ዓለምን የቀሰቀሰው። የ1967ቱ አቀናባሪ ጥበቡን ያውቀው ነበር። ጥበቡን በራሱ ላይ ማዋል ግን አልፈለገም።

በምስል የሚያስቆጣህን ሰው መመዘኛው ይህ ነው፦ ያንኑ መቀስ በራሱ ላይ ያነሳል ወይ?

◾ ካሜራውን ያዞረው ጎንደሬ

አሁን ወደ ኃይሌ ልመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ቴአትር ሊማር አሜሪካ ገባ፤ ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ፊልም ተማረ። እ.ኤ.አ በ1974፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ሰሞን፣ ለእረፍት መጥቶ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ተዋናዮቹም የትወና ባለሙያዎች አልነበሩም።

ልዩነቱን እዩልኝ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ገበሬው መበደል፣ ሁለት ዓይነት ፊልም ተሠራ። ደርግ በአንድ ምሽት የሚያፈነዳ ቁጣ ሠራ። ኃይሌ ምን አደረገ? ጭሰኛው ሲያርስ ካሜራውን ተክሎ ቆየ። ማረሱ አያልቅም። ባለርስቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ ትእዛዙም አያልቅም። ወንበራችን ላይ እንቁነጠነጣለን፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እንላለን። ጭሰኛውም የሚለው ይህንኑ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት የሚለው ርዕስ በጀርባችን ሕመም ይገባናል።

በዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት ልጅ የባለርስቱን ላም ከጎርፍ ላድን ስትል ትሞታለች። የላሟ ዋጋና የልጅቷ ዋጋ አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ። ጭሰኞቹ እንደ በሬ ተጠምደው የሚታዩበት የሕልም ትዕይንትም አለ። ይህም ቅንብር ነው፣ ይህም ስሜትን መምራት ነው። ግን ሕልም መሆኑን አይደብቅም። ዳይሬክተሩ እጁን ያሳያችኋል፤ «ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ እናንተስ?» ይላችኋል። በፊልሙ እብድ የሚባለው፣ መሬቱን የተነጠቀው የቀድሞ ዘማች፣ ባለርስቱን ሲገድል እንኳ ነገሩ በእልልታ አይዘጋም። ሞቱ መልስ ይሁን አይሁን እኛው እንድንጨነቅበት ይተወዋል።

«ጤዛ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ባለታሪኩ አንበርብር ተምሮ ከጀርመን አገር ይመለሳል፤ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲደርስ አንድ እግሩ የለም፣ ትዝታውም የተሰባበረ ነው። እግሩን እንዴት እንዳጣ መጀመሪያ ላይ እሱም አጥርቶ አያስታውስም፣ እኛም ቶሎ አይነገረንም። ፊልሙ ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ ይሄዳል፤ የእሱ ግራ መጋባት የእኛ ግራ መጋባት ይሆናል። በዚህ መሃል የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን አንድ ክፉ ካድሬ መርጦ ፊቱን ያጨልምልን፣ በሙዚቃ ያስጠላን፣ መጨረሻ ላይ በጥይት ያረካን ነበር። «ጤዛ» ግን ካድሬውን ብቻ አይከስም። «ለሕዝብ» ብሎ የተነሳውን የተማረ ትውልድ፣ እርስ በርሱ የተባላውን ጓድ፣ ራሱን አንበርብርን ጭምር ይጠይቃል። መቀሱን በራሱ ወገን ላይ ያነሳል ማለት ይህ ነው። ለዚህ ነው ከፊልሙ ስትወጡ የምትጠሉት ሰው ይዛችሁ የማትወጡት። ይዛችሁ የምትወጡት «እዚህ እንዴት ደረስን?» የሚል ጥያቄ ነው።

◾ የዛሬው መቀስ በኪሳችን ነው

አሁን ወደ ዛሬ። በ1967 ያን ቅንብር ለመሥራት ጣቢያና ሥልጣን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ ይበቃል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ዝግ ያለ ምስል፣ የሚያለቅስ ማሲንቆ፣ ቀይ ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ «ሼር ካላደረክ አንተም ገዳይ ነህ» የሚል ማስፈራሪያ። የሌላ አገር ጦርነት የእኛ ተብሎ ይቀርባል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ምስል የትናንት ይባላል። እናለቅሳለን፣ እንላክላካለን፣ እንሳደባለን።

«ዓላማው ጥሩ ከሆነ ምን አለበት? በደሉ እኮ አለ!» የሚሉ ወገኖች አሉ። አዎ፣ በደሉ አለ። ክርክሬም ከዚህ ይነሳል። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ንጹሐን ሲገደሉ የሞቱት ሰዎች እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። እውነተኛ ሞት የውሸት ማጀቢያ አያስፈልገውም። ለጭና ብላችሁ የሌላ አገር ሬሳ ምስል ስታሰራጩ፣ ነገ አንድ ሰው ምስሉ ከየት እንደመጣ ሲያጋልጥ፣ ከምስሉ ጋር ጭናም አብራ ትካዳለች። «ያኛውም ውሸት ነበር» ይባላል። የቀባሪዎቹን ምስክርነት ከአፋቸው የነጠቃችሁት እናንተ ናችሁ።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ዳግም ጦርነት ውስጥ ሲገባ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ይህ ምን ማለት ነው? ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃናሞራ ያለው ሰው የራሱን ሕይወት ራሱ ማሳየት አልቻለም። ስለ እሱ የሚያሳየው ሩቅ አገር የተቀመጠና ኔትወርክ ያለው አቀናባሪ ሆነ። በአንድ በኩል ሁሉ ሰላም ነው የሚል የመንግሥት ምስል፣ በሌላ በኩል ሁሉ ድል ነው የሚል የዩቲዩብ ምስል። ገበሬው በሁለቱም ውስጥ ከሩቅ የሚታይ «ሕዝብ» ነው። ፊቱን በቅርብ ያሳየን የለም። እህሉ እንዴት እንደሆነ፣ ልጁ ስንት ዓመት ትምህርት እንዳመለጠው የሚጠይቅ ረጅም ምስል የለም። ረጅም ምስል ሼር አይደረግማ!

ስሜት ሲባል ደግሞ ሐዘንና ቁጣ ብቻ አይምሰላችሁ። ኩራትም በቅንብር ይሠራል። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ድሮን የፋሲልን መዋኛ ከሰማይ ያሳየናል፤ ውሃው ሞልቶ፣ ወጣቱ እየዘለለ፣ ሙዚቃው እየጎላ። ልባችን ይሞላል፣ ይሙላም። ግን ከዚያ ቅጥር ወጥቶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈውን የጎንደር ነዋሪ የሚያሳይ ድሮን የለም። የአንገረብ ግድብ በደለል ተቸግሯል፤ የመገጭ ግድብ ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። ከውሃ እጥረት ጋር በሚኖር ከተማ ውስጥ ውሃ የምናየው በበዓል ቀን፣ ከሰማይ፣ በሙዚቃ ታጅቦ ነው። ድሮን ከላይ ያያል፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ይህን ካሜራ እዚያ ከፍታ ላይ የሰቀለው ሰው መርጦ ነው የሰቀለው።

◾ ለሚቃወሙኝ

«ኃይሌ ራሱ ወገንተኛ አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነው! ይህን ደብቆም አያውቅም። ወገን የሌለው ካሜራ የለም፤ የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ የቆመበትን ያሳይሃል፣ ሌላው ደግሞ «እኔ የለሁበትም፣ እውነቱ ብቻ ነው» ይልሃል። ሁለተኛውን ፍራው።

«ፊልሞቹ ረጅምና ከባድ ናቸው፣ ሕዝብ አያያቸውም» የሚልም አለ። «ሳንኮፋ»ን አስታውሱ። እ.ኤ.አ በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን ይህን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም ሲሉት ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ሰልፍ ይዘው አዩት። ሕዝብ ከባድ ነገር አይችልም የሚሉት ብዙውን ጊዜ ቀላሉን የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ተረት እየሰማ፣ ቅኔ እየፈታ ያደገ ሕዝብ ሁለት ሰዓት ተኩል አይቶ ማሰብ አይችልም ማለት ስድብ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የጎንደር ቅኔ ቤቶች ያስተማሩን እኮ ነው። ምስል ላይ ሲሆን ለምን እናቆመዋለን?

«እና ስሜት አይኑረን?» ከተባለም፣ የለም። ስሜት የሌለው ሰው ፍትሕም አይፈልግም። አልቅሱ። ግን እንባችሁን አብሱና ጠይቁ።

◾ ከማጋራታችሁ በፊት

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ እነዚህን ብቻ ጠይቁ፦

1. ድምፁን አጥፍቼ ባየው ያው ስሜት ይሰማኛል?
2. ፊቱን በቅርብ ያሳዩኝ የማንን ነው? ከሩቅ ብቻ ያሳዩኝስ የማንን?
3. ይህ ምስል ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ምን ነበር?
4. ሁለቱን ምስሎች ያጣመራቸው ማን ነው? ካሜራው ነው ወይስ አቀናባሪው?
5. ይህ ሰው ያንኑ መቀስ በራሱ ወገን ላይ አንስቶ ያውቃል?

የከተማዋን ባህልና ቱሪዝም የምትመሩ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን፣ ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓለም ያከበረው የፊልም ሰው ከዚህች ከተማ ወጥቷል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከተሠራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጣሊያን አገር ታድሶ እ.ኤ.አ በ2006 በካን ዳግም ታየ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ፊልም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አይቶ፣ ከመምህሩ ጋር «ካሜራው ለምን እዚያ ቆመ?» ብሎ የሚከራከርበት አንድ ቀን በዓመት መመደብ ምን ያህል ያስወጣል? ለበዓል ከሚተከለው የድምፅ ማጉያ አይበልጥም። ካሜራ በእጁ የያዘ፣ ካሜራን ማንበብ ግን ያልተማረ ትውልድ እያሳደግን ነው። ፊደል ሳናስተምር እስክሪብቶ እንደማደል ነው።

እስከዚያው ግን ሥራው የየግላችን ነው። በተቀናበረ እንባ ልጁን ለጦርነት የሚሸኝ ወላጅ፣ በተቀናበረ ቁጣ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳ ወጣት፣ በተቀናበረ ኩራት ጥማቱን የሚረሳ ከተማ እንዳንሆን። ልባችን የእኛ ነው፤ ለማን እንደምንከፍተው እንምረጥ።

ቸር እንሰንብት።